የአልቃሿ ልጅና የጌጤ መሬት

ደብረ ታቦር ውስጥ ዓይናለምን በመልክ የማያውቃት ሰው በድምጿ ያውቃታል። ባጃጅ ተሳፍራ «ገበያው ጋ አውርደኝ» ስትል ሾፌሩ ዞር ይልና «የሬዲዮኗ ነሽ እንዴ?» ይላታል። «የወርቅነሽ ልጅ ነኝ» ትለዋለች። ይህን ስትል አንገቷ ቀና ይላል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም።

እናቷ ወርቅነሽ በአንበሳሜ ከተማ ዙሪያ የታወቁ አልቃሽ ናቸው። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ዋይታው ይረግባል፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ከአፋቸው የሚወርደውን ግጥም ይጠብቃል። የባለጸጋ ለቅሶ ላይ ተጠርተው ይሄዳሉ። ከሩቅ አገር መጥቶ በሰው ደጅ የሞተ የቀን ሠራተኛ ሲኖር ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው ይሄዳሉ። ነጠላቸውን አደግድገው እንዲህ ይላሉ፦

ለወገን የለሹ እኔ ነኝ ወገኑ፤
ስሙ ይጠራለት በመሞቻ ቀኑ።

ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ ዓይናለምን «አንቺ የአልቃሽ ልጅ፣ ዛሬስ ማን ሞተ?» እያሉ ያበግኗት ነበር። አንድ ቀን እንባዋን እየጠረገች ገባችና «እማ፣ ለምን እንደ ሰው ዝም ብለሽ አታለቅሽም?» አለቻቸው።

«ዝም ብሎ ማልቀስማ ለማን ይሰማል?» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዓይናለም አደገች፤ ተማረች፤ ከከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ ገባች። የተበደለ ሰው የሚናገርበት ዝግጅት ሲከፈት እጇን ቀድማ ያወጣች እሷ ነበረች። በ2008 ዓ.ም. በሰኔ መግቢያ አለቃዋ ቀለመወርቅ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ለሚዘግቡ ሴት ጋዜጠኞች የወጣ ፌሎሺፕ ነው፤ ስድስት ወር አዲስ አበባ ተቀምጦ መማርና ትልቅ ዘገባ መሥራት። ከመላ አገሪቱ የሚመረጡት አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ማመልከቻው የባለጉዳይ ድምፅ ያለበት አንድ የራስ ሥራ ይጠይቃል።

«ከዚህ ጣቢያ እስከ ዛሬ ለሥልጠና የሚሄደው ወንድ ብቻ ነው» አላት። «እኔ ራሴ ሦስቴ ሄጃለሁ። ይኸው እንደምታይኝ አልሠለጠንኩም። እስቲ አንቺ ሞክሪው!»

ዓይናለም የትኛውን ጉዳይ እንደምትሠራ አልቸገራትም። ካንበሳሜ ወረድ ብሎ የምትኖር ጌጤ የምትባል ሴት ባሏ ሙላቴ ሞቶባታል። አርባው ሳይወጣ የሟቹ ወንድም ይሻው በሬውን ጠምዶ የጤፍ መሬቷን አረሰው። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ የጌጤ ስም በግልጽ ተጽፏል። ዓይናለም መቅረጫዋን ይዛ ሄደች። ጌጤ ግን መቅረጫውን ስታይ ፊቷን መለሰች።

«ምንም አልተበደልኩ። የባሌ ወንድም ነው፤ ቢያርስ ምን ይላል?»

ገመናን ለባዳ መንገር በዚያ አገር ከበደሉ የባሰ ነውር ነው። ዓይናለም ባዶዋን ተመለሰች።

የሙላቴ አርባ ዕለት እናትና ልጅ አብረው ሄዱ። ፍትሐቱ ተደርሶ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ሲሰበሰብ፣ ወርቅነሽ ጥቂት ግጥም አወረዱና ቦታውን ለባለ ሐዘኗ ለቀቁ። ጌጤ ብድግ አለች። ያቺ ፊቷን ያዞረችው ሴት ይሻውን ፊት ለፊት እያየች አወረደችው፦

ባሌን አፈር በላው፣ አፈሬን ወንድሙ፤
አርባው ሳይወጣለት ተፋቀ ወይ ስሙ?

ሕዝቡ «ዋይ፣ ዋይ» እያለ ደረቱን ደቃ። ይሻውም አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ዓይናለም ነጠላዋ ሥር የያዘችው መቅረጫ ሁሉን ይቀዳ ነበር።

ወደ ቤት እንደገቡ ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ለእናቷ አሰማቻቸው። ወርቅነሽ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህን ወዴት ልትወስጂው ነው?»

«ለሬዲዮ ነዋ፣ እማ! ለፌሎሺፑም የምልከው እሱን ነው።»

«ይሻው አንገቱን ደፍቶ የሰማት ለምን ይመስልሻል? በለቅሶ ቃል ቂም አይያዝም፤ ሽማግሌም አይጠየቅበትም። ያ ለሐዘንተኛ አጥሯ ነው። ከለቅሶው ካወጣሽው ስድብ ይሆናል፤ አጥሯን አፍርሰሽ ለጠላት ሰጠሻት ማለት ነው።»

«ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ቀን ነው እኮ የቀረው!»

«ታዲያ እግር የለሽም? ሄደሽ ጠይቂያታ።»

ቀለመወርቅ ቅጂውን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «ይኼ ወርቅ ነው! ዛሬውኑ ላኪው» አላት። ዓይናለም ግን አልላከችውም። በማግስቱ በሚኒባስ አንበሳሜ ወረደች፤ ከዚያ በጭቃው በእግሯ ገሰገሰች። ጌጤ ጓሮዋን ስታርም አገኘቻት።

«እትዬ ጌጤ፣ ሰርቄዎታለሁ» አለችና አሰማቻት።

ጌጤ ጎንበስ ብላ የራሷን ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ቀና አለችና «አጥፊው» አለች።

ዓይናለም አልተከራከረችም። አሥራ ሁለቱ ሴቶች፣ አዲስ አበባ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ሁሉ በአውራ ጣቷ ሥር ነበር። እያሳየቻት ቁልፉን ተጫነች፤ ጠፋ። «ይቅር ይበሉኝ» ብላ ልትነሣ ስትል ጌጤ «ቆዪ» ብላት ወደ ውስጥ ገባች።

ስትወጣ የታጠበ ቀሚስ ለብሳለች፤ በፌስታል የተጠቀለለ የይዞታ ደብተር በእጇ ይዛለች። ከዓይናለም ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አሁን ክፈቺው። ግጥሙ ለሟቹ ነበር፤ እሱ እዚያው ይቅር። ይኼ ለሕያዋን ነው፤ ያለ ግጥም ይባል።»

«ስምዎን ልደብቀው?»

«ከማን? ስሜም ፎቶዬም ደብተሩ ላይ አለ። ልጄ፣ የሰረቅሽኝን መልሰሽልኛል። እኔ ደግሞ ወድጄ እሰጥሻለሁ።» ጉሮሮዋን ጠረገችና መቅረጫውን እንደ ዳኛ ትኩር ብላ አየችው። «ጌጤ እባላለሁ። መሬቴ ሁለት ጥማድ ነው። በላይ መንገድ፣ በታች ወንዝ ያዋስነዋል። ከሙላቴ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት አርሰነዋል፤ እሱ ሲያርስ እኔ ጎልጉያለሁ፣ አርሜያለሁ፣ አጭጃለሁ። ወንድሙ ወስዶብኛል። ይመለስልኝ።»

ዓይናለም ይሻውንም ሄዳ ጠየቀችው። «ሴት በሬ አትጠምድ፤ መሬቱ ጦም እንዳያድር ብዬ ነው» አላት። ቃሉን ሳትቀንስ ሳትጨምር አስገባችው፤ አገሩ ራሱ ይፍረድ ብላ።

ዘገባውን ቀኑ ሳያልፍ ለፌሎሺፑ ላከችው፤ ቅዳሜ በገበያ ቀን ደግሞ በሬዲዮ ተላለፈ። ባንበሳሜ ገበያ እህል የሚሰፍሩት ሳይቀሩ ቁናቸውን አስቀምጠው አዳመጡት አሉ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ በሳምንቱ ተቀመጠ፤ ደብተሩን አየ፤ ወሰኑን ረገጠ። ሐምሌ ሳይገባ ይሻው በሬውን አወጣ፤ ጌጤ መሬቷን አርሶ ምርቱን ለሚካፈላት እኩል አራሽ ሰጥታ ጤፏን በራሷ እጅ ዘራች።

ነሐሴ ላይ ዓይናለም ከአሥራ ሁለቱ አንዷ መሆኗ ተነገራት። ወርቅነሽ ወሬውን ሲሰሙ ቀኑን ሙሉ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞሩ ዋሉ፤ «የአልቃሿ ልጅ አለፈች» እያሉ፣ ያንኑ የድሮ ስድብ እንደ ማዕረግ እየጠሩት። ዓይናለም ደግሞ ለጌጤ ደወለች።

«እትዬ ጌጤ፣ አለፍኩ እኮ!»

«አለፍን በይ እንጂ! እኔስ አልተናገርኩም?» ሳቋ ስልኩን ሞላው። «ስድስት ወር ነው ያልሽኝ? ደህና። ተማሪ፤ ግን እዚያው ቀልጠሽ እንዳትቀሪ ብቻ። ከኛ በታች ዘነበች አለች፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ አሰለፈች። ሁለቱም እንደኔው መሬታቸው ተወስዶባቸው ደብተራቸውን አውጥተው እያገላበጡ ነው፤ ‹ያቺ ሳትጠይቅ የማትወስደው ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

«የካቲት ላይ ይበሏቸው» አለች ዓይናለም።