በመርዶው መሀል የጮኸው ስልክ

አባቴ ሬዲዮ ካልተከፈተ መሸመን አይሆንለትም ነበር። ሽሮ ሜዳ ገበያው ጀርባ፣ ኮረኮንቹን ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ወዲህ ወዲያ ሲያደርግ ዜና አንባቢው የሆነ አገር ጦርነት መነሳቱን ይናገራል። ቀጥሎ ዓለም አቀፉ ድርጅት ሁኔታው በእጅጉ እንዳሳሰበው መግለጹን ያነባል። አባቴ ቀና ሳይል «ዛሬም አሳሰባቸው» ይላል። እኛ በሳቅ እንሞታለን። በቤታችን ዓለም አቀፍ የተባለ ነገር ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ባንዲራው ብዙ፣ ሕንፃው ትልቅ፣ ጥርስ የሌለው። ጥርስ ያለው ሲመጣም ያወቅነው ከነከሰን በኋላ ነው።

ታናሽ እህቴ ሯጭ ናት። እንጦጦ ላይ በባሕር ዛፉ መሀል ስትሮጥ አድጋ፣ ውጭ አገር ተወዳድራ ስሟ መጠራት ሲጀምር፣ ስፖርቱን ከሚያስተዳድረው ዓለም አቀፍ አካል ግዴታ መጣባት። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት መርጣ፣ በዚያ ሰዓት የት እንደምትገኝ ስልኳ ላይ ቀድማ መሙላት አለባት። የአበረታች ቅመም መርማሪዎች ሳይነግሯት መጥተው ሽንቷን ይወስዳሉ። በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥተው ካጧት፣ ምንም ባትወስድም እንደወሰደች ትቀጣለች። እሷ የመረጠችው ከጠዋቱ አስራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት፣ እቤት ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ «እነዚህን ደግሞ ምን አሳሰባቸው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ ከእሷ በቀር።

የመጀመሪያውን ጊዜ ለልምምድ ከከተማ ወጥታ አድራሻዋን መቀየር ረሳች። ሁለተኛው ጊዜ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የከረመበት ሳምንት ነበር። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል፤ አባቴ ማልዶ ሥራ ስለጀመረ የሽመና ዕቃው ኳኳታ የበሩን ኳኳታ ዋጠው። ከቀናት በኋላ ኢሜይል መጣ። ስድብ የለበት፣ ቁጣ የለበት፤ ሁለት ሆኗል ይላል፣ በቃ። እውነቱን ልናገር፣ ያ ትህትና ነው ያስፈራኝ።

ከዚያ ወዲያ እህቴ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጋቢ ተከናንባ በሩ ሥር ዱካ ላይ ትቀመጥ ጀመር። ኮረኮንቹ ላይ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ብድግ ትላለች። እናቴ ጥጧን እየፈተለች «ልጄን ምን አስነኩብኝ» ትል ነበር። ቤት ውስጥ ሬዲዮው ላይ መሳቅ ቀረ።

አባቴ በዚያው ክረምት ኩላሊቱን ታመመና ሆስፒታል ገባ። አስር ቀን እንኳ አልሞላውም፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈ። እህቴ እንጦጦ ልምምድ ላይ ነበረች። አጎቴና የእድሩ ዳኛ መከሩና «ከሩጫ ለመጣች ልጅ እንዲህ በደረቁ አይነገርም። ትብላ፣ ትተኛ፤ ጎህ ሲቀድ በወጉ እናረዳታለን» አሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሐዘን መሽቶ ለሰው አይሰጥም። አክስቴ ደውላ «አሞኛል፣ መጥተሽ እኔ ጋ እደሪ» አለቻት።

ስልኳን የመውሰድ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ አንዱ ነፍስ ይማር ብሎ ይልክላትና ጉድ ይሆናል ተባለ። አክስቴ ቤት ሄጄ የእኔ ባትሪ አልቋል፣ ወደ ሆስፒታል ልደውልበት ብዬ ዋሸኋት። ሰጠችኝ። «ግን ሳልተኛ መልስልኝ። የማድረው እዚህ መሆኑን መሙላት አለብኝ» አለች። እሺ አልኳት። አልረሳሁትም፤ ረስቼው ነበር ብዬ ለሰው የምናገረው ውሸት ነው። አባቴ ሬሳ ሆኖ ተኝቶ ስለ ሽንት ማሰብ ነውር መሰለኝ። እሷም ስትጠብቀኝ ድካም ጥሏት ተኛች።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እህቴ አልጋው ላይ ተነስታ ተቀመጠች፤ አንድ በአንድ አየችንና ገባት። የእድሩ ዳኛ «ልጄ፣ አባትሽ…» ሲሉ ጃኬቴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ዘጋሁት። ደገመ። ጨርሼ አጠፋሁት። የእሷ ጩኸት ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

በዚያው ሰዓት እቤታችን በር ላይ ድንኳን ይተክሉ የነበሩ ጎረቤቶችን ቦርሳ የያዙ ሁለት ሰዎች ስለ እሷ ጠይቀዋቸዋል። ጎረቤቶቻችን መርዶውን ከባዳ አፍ እንዳትሰማ ፈርተው «የለችም፣ የት እንዳለችም አናውቅም» አሏቸው። ሰፈሩ ሁሉ ለእሷ ብሎ ነው የዋሸው።

ሦስት ሆኗል የሚል ኢሜይል ሲመጣ የሆስፒታሉን ወረቀት ላክን፤ ማኅተም ያለበት የእድር ደብዳቤ ላክን። በሐዘናችን ማዘናቸውን ገልጸው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። አባትየው የሞቱት ከሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ቤተሰቡም ካወቀ፣ ልጃቸው እስከ ማግስቱ ጠዋት እንዴት ሳትሰማ ቀረች? እንግሊዝኛ የሚችል የአክስቴ ልጅ ሁለቴ አነበበልን። አጎቴ «ሰው አይሞትባቸውም እንዴ?» አለ። የምናውቀውን ጻፍን። ሁለት ዓመት እንዳትወዳደር ፈረዱባት። ጦርነት ለማቆም አቅም የሌለው ዓለም፣ የእኛን ግቢ ለማግኘት አላቃተውም።

ለካ የተቀጣም ሰው ሰዓቱን መሙላት አይቀርለትም። ዛሬም እህቴ ቅጣቷ እስኪያልቅ ሩጫውን አቁማ ቀን ቀን ነጠላ እየሸጠች፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ዱካዋ ላይ ናት። አንድም ቀን ስልኬን ምን አደረግከው አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ እናቴን ሳል ይዟታል። ባለፈው ሳምንት ማለዳ እንዝርቷን አስቀምጣ ጠራችኝ። «እኔ የሞትኩ ቀን እንዳትደብቋት» አለች። «ያኔውኑ፣ በስልክ ንገሯት። የትም ትሁን፣ ብቻዋንም ትሁን።»

«እሺ እማ» ያለችው እህቴ ናት፣ በሩ ሥር እንደተቀመጠች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።