ዋርኒቲ የከበሮ ማሽን የገዛች ጊዜ

ዋርኒቲ የባሏን ከበሮ በአንሶላ ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ፣ ባሏን ዳስፓንን በቀኝ በኩል ደግፋ ወደ ኮ ሊዮንግ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ስትገባ ጠዋት ነበር። የሱቁ ደረጃ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱን ለመውጣት ግን ከአውቶብሱ መንገድ የበለጠ ጊዜ ፈጀባቸው።

የዚያ አገር፣ የኢንድራማዩ ሰው ሠርግ ያለ ዳንግዱት ዘፈን ሠርግ አይመስለውም። ዳንግዱት ደግሞ ያለ መንትያው ከበሮ ምኑም አይጥምም። ዳስፓን ያንን ከበሮ ሃያ ሁለት ዓመት መታ፤ ዋርኒቲ ሃያ ሁለት ዓመት ከፊቱ ቆማ ዘፈነች። ባለፈው ዝናብ ወራት ግን ደም ግፊት ጣለው። ቀኝ ጎኑ ከትከሻው እስከ እግሩ በድን ሆነ፤ ምላሱም ተያዘ። የቡድኑ ሰዎች አንድ ሰሞን ሩዝና የደረቀ ዓሣ ይዘው ተመላለሱ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሌላ ቡድን ገቡ። አይፈረድባቸውም፣ እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ።

ለእሷ የቀራት ጊታሯን አንጠልጥላ ብቻዋን መዝፈን ነው። ካልሆነ ደግሞ የደላላዋ ወረቀት አለ። ደላላዋ «ታይዋን አሮጊት የምትጠብቂበት ቤት አግኝቼልሻለሁ፤ ሦስት ዓመት ብቻ ነው» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታላት ሄዳለች። ሦስት ዓመት! ዳስፓንን ማን ያጎርሰው? ማን ያገላብጠው? እሑድ የመንደሩ ሹም ልጁን ይድራል፤ እዚያ ካማረላት ከአጨዳው በኋላ ያለው ሠርግ ሁሉ ይጠራታል። ካላማረላት መፈረሟ ነው።

«ብቻሽን ልትዘፍኚ?» አለ ኮ ሊዮንግ፤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። «ጎበዝ ነሽ፤ እኔ ሚስቴ ከሌለች ሱቅም አልከፍት።»

«ቀልዱን ተወውና ርካሽ የከበሮ ማሽን አሳየኝ፣ ኮ። ገንዘብ የለኝም። ይሄን ከበሮና የጆሮ ጌጤን ውሰድ።»

ከበሮውን ገልጦ ሲያየው ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። ቆዳውን በመዳፉ አሻሸው። ከዚያ በዚህ ዋጋ የሚሆኑ ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች አወጣ።

የመጀመሪያው በፔዳል የሚሠራ ነው። በእግር ሲረግጡት ምቱን ይለውጣል፤ እስኪረግጡት ድረስ ያለማቋረጥ ይመታል። ድምፁ ግን አያድርስ ነው፤ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ፔዳል የለውም፤ በጣት የሚጫኑት አንድ ሰፊ ቁልፍ አለው። «አርባ ዙር ከመታ በኋላ ካልነካሽው በራሱ ይቆማል» አለ ኮ ሊዮንግ። «ከነካሽው እንደ አዲስ ይቀጥላል።» ከዚያ አስነሳው።

ዋርኒቲ አፏን በእጇ ያዘች። ያ ወፍራም ድምፅ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ የሚሳበው፣ የዳስፓን ምት ራሱ ነበር።

«ይሄ ነው! ካንግ፣ ሰማኸው?» አለች ወደ ባሏ ዞራ፤ «ካንግ» የምትለው አክብራው ነው።

ዳስፓን ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «እ... እ...» አለ፤ በግራ እግሩም ወለሉን ደበደበ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አሁንም ደበደበ።

«ምን ላድርግህ ታዲያ?» ስትል ጮኸች፤ ሆድ ባሳት። «ቅናት ነው? ሳጥን እንዳንተ ስለመታ ነው? እኔ ቆርቆሮ ይዤ ሰው ፊት ልቁም?»

ዳስፓን እግሩን አቆመ። አንገቱን ደፋ። እሷም ባለቁልፉን ወሰደች፤ ከበሮውም እዚያው ቀረ። ስትወጣ ዞራ ከበሮውን አላየችውም።

ቤቷ አራት ቀን ተለማመደች። ዘፈኑ መሐል ላይ ቁልፉን ጫን ታደርገዋለች፤ ይቀጥላል። ተመስገን አለች። ቤቷ ውስጥ ግን የሚሸልማት ሰው አልነበረም።

እሑድ ዳስፓንን ቤት ጥላው መሄድ ስላልቻለች ከመድረኩ ጥግ በላስቲክ ወንበር አስቀመጠችው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የሙሽራዋ አባት፣ ሹሙ ፓ ቻርዊታ፣ በአበባ ጌጥ ያሸበረቀ ባቲክ ሸሚዙን አስተካክሎ መድረክ ወጣ። ትከሻውን እየሰበቀ አንድ የገንዘብ ኖት ዘረጋላት፤ ጨፈረ፤ ደግሞ አንድ ዘረጋ። ሸላሚ በዚያ አገር ገንዘቡን ባንዴ አይሰጥም፤ አንዱን ሰጥቶ ይጨፍራል፣ እንደገና ይሰጣል። ከትልቅ ሰው ደግሞ በአንድ እጅ አይቀበሉም። ዋርኒቲ ጊታሩን ለቀቀች፤ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። አሁንም ጎንበስ አለች።

ማሽኑ ቀጥ አለ።

ፓ ቻርዊታ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ዜማ ቢቋረጥ ማንም አይቆጣም፤ ከበሮ ሸላሚው ላይ ከቆመ ግን «ያመጣኸው ይሄው ነው? በቃህ፣ ውረድ» ማለት ነው። ከወንበሮቹ መሐል አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ሃያ ሁለት ዓመት ከኋላዋ ከበሮ ቆሞ ስለማያውቅ ይህ አንድም ቀን በሐሳቧ መጥቶ አያውቅም ነበር።

«ይቅር በሉኝ፣ ፓ! ይቅር በሉኝ!» ብላ አስነሳችው።

ሰውየው ለሙሽራዋ ሲል ዋጥ አደረገውና እንደገና ዘረጋ። ዋርኒቲ ግን ልቧ ቁልፉ ላይ ነው፤ ልትነካው እጇን ስትሰድ ብሩ አመለጣትና መሬት ወደቀ። የሹም ብር እግር ሥር! አሁን የሚስቅም ጠፋ።

«እህት ዋርኒቲ፣ ደከመሽ መሰለኝ» አለ ፓ ቻርዊታ ቀዝቀዝ ብሎ። «የስልክ ዘፈን እናስከፍት?»

ዋርኒቲ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። የደላላዋ ወረቀት ከነፊርማ ቦታው ታያት። በዚህ መሐል ከጥግ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ሰማች። ዳስፓን ነው፤ በግራ እግሩ የመድረኩን እንጨት ይደበድባል። ዝም በል ልትለው ዞረች። እሱ ግን እሷን አላያትም። ዓይኑ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ እግሩ ይሄዳል።

ሱቁ ትዝ አላት። ያኔም እግሩን ነበር የደበደበው። ፔዳሉን ነበር የሚላት! ሃያ ሁለት ዓመት ከኋላዋ ሆኖ እጇን ሲያይ የኖረ ሰው፣ ሽልማት ሲመጣ ነፃ እጅ እንደማይኖራት ያውቅ ነበር። እሷ ደግሞ ቀናህ አለችው።

ማሽኑን አንስታ እግሩ ሥር አደረገች፤ ጫማውን አወለቀችለት፤ የግራ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። «አንድ ዘፈን ብቻ፣ ፓ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ» አለች።

ሹሙ ወደ ሙሽራዋ አየና ቆየላት። ከበሮው ተነሳ። ዳስፓን እንደ ድሮው የሸላሚውን ትከሻ አተኩሮ አየ። ትከሻው ዝቅ ሲል በጣቱ ጫን አደረገ፤ ምቱ ተንከባሎ ዞረ። የፓ ቻርዊታ ፊት ቀስ በቀስ ፈታ አለ። ጨፈረ፤ ወንድሞቹም ወጡ። ዋርኒቲ በሁለት እጇ እየተቀበለች ዘፈነች፣ እያለቀሰችም ዘፈነች፤ ሰዎቹ ለዘፈኑ ያለቀሰች መሰላቸው።

ድንኳኑ ሲፈርስ ፓ ቻርዊታ ጠራት። «በሚቀጥለው ወር የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነው፤ ትመጫለሽ» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «ብቻ... ባልሽን ቤት ተይው። በሽተኛ መድረክ ላይ ለሙሽሮች ገድ አይሆንም። አንቺና ማሽኑ ትበቃላችሁ።»

ዋርኒቲ የዳስፓንን ጫማ እያጠለቀችለት ነበር። ቀና አላለችም።

«ያለ እሱ አይሠራም፣ ፓ» አለች።

«ማሽኑ?»

«ማሽኑም» አለች፤ የጫማውን ክር አሰረች።