አብረን እስክንጠጣ ድረስ

ባለፈው ነሐሴ የልጄን ጥቁር የሩጫ ካናቴራ ደጋግሜ አጠብኩ። ከልምምድ ስትመለስ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ተሠርቶበት ይመጣል። እኔ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙና መስሎኝ፣ አፓርታማችን ምድር ቤት ያለውን የላውንድሪ ማሽን እረግማለሁ። ሳሙና ቀየርኩ። ሁለት ጊዜ አስለቀለቅኩ። በማግስቱ ያው መስመር ያው ቦታ ላይ ነው። ነገሩ ጨው መሆኑን፣ ያውም ከልጄ ገላ የወጣ ጨው መሆኑን የነገረችኝ አሠልጣኟ ናት። የነገረችኝ ግን ከረፈደ በኋላ ነው፤ ጥፋቱም የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው።

ልጄ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ነው። በትምህርት ቤቷ የረጅም ርቀት ሩጫ ቡድን ስትገባ፣ የሐበሻ ልጅ ስለሆነች ሩጫው በደሟ ያለ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ። ከእኔ ወርሳው ከሆነ እንጃ፤ እኔ በሕይወቴ የሮጥኩት መኪና ሳይኖረኝ በፊት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል ብቻ ነው። ሥራዬ አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ነው፤ እሱም ቢሆን ቀስ ተብሎ ነው የሚገፋው።

የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ግን የኖርኩት ከልጄ ጋር ሳይሆን ከልጄ በር ጋር ነው ማለት ይቻላል። ከሥራ ስገባ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል። "ምን ሆነሻል?" ስላት "ናቲንግ፣ ማሚ" ትላለች። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ተሳልኩ። አንድ ቀንማ በሩን ከነማጠፊያው እነቅለዋለሁ ብዬ ካቻቢቴ ይዤ ቆሜ ነበር። ሳልነቅለው ካቻቢቴውን ወደ ቦታው መለስኩ።

የፍልሰታ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ወጥ ቤት ድረስ መጣችና "ማሚ፣ ዚስ ይር አብሬሽ እጾማለሁ" አለችኝ።

"እስከ ስንት ሰዓት?"

"አንቺ እስክትመጪ። ውሃም አልጠጣም። ቱጌዘር ነው የምንጠጣው።"

ፍልሰታን እኛ ዘንድ ልጅ አዋቂ ሳይባል ሁሉም ይጾመዋል፤ አብዛኛው ሰው ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ውሃ ይቀምሳል። እኔ ከሥራ ወጥቼ ቤት የምደርሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ጹሙ ብሎ ያዘዘን ማንም የለም። እኛው በእኛው ላይ ነው ያዘዝነው።

ደስታዬን አልችለው አልኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ፤ ልጄ ውሃ ሳትቀምስ እየዋለች ትሮጣለች፣ እኔን ትጠብቃለች፣ አብረን ነው የምንጠጣው። "ታድለሽ! የእኛዎቹማ ዓርብና ረቡዕንም አያውቁ" አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእኔ አፍ ደግሞ ድሮም ያየውን ሁሉ ካላወራ አይተኛም።

የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች እንዴት ያሉ ነበሩ! ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ረጃጅም ብርጭቆ ሞልታ ትጠብቀኛለች። "ዋን፣ ቱ፣ ስሪ" ትላለች፣ እኩል እናነሳለን። ከዚያ ወሬ ነው። ስለ አሠልጣኟ፣ ስለ ቡድኑ፣ ጫማዋን ሳታስር ሮጣ ስለወደቀች ልጅ ትነግረኛለች። በሁለት ዓመት ያልሰማሁትን በሁለት ምሽት ሰማሁ። ሳህኗን ጨርሳ እንኳ ቁጭ ብላ ትቆያለች፣ እኔም ቶሎ ብነሳ ትነሳብኛለች ብዬ ሳህን ሳላጥብ እቀመጣለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጉድ መጣ። የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ። ከቤቴ ጨው ያስወጣሁትም በእሱ ምክንያት ነው፤ ሽሮ በለው ምስር በለው፣ እኔ ቤት ጨው የሚባል ነገር አይነካውም። ያን ቀን አንድ ግዙፍ ሰውዬ ከአንዱ ጫፍ እስከ መጨረሻው የመሳፈሪያ በር ስገፋ መሬቱ ዞረብኝ። የዊልቸሩን እጀታ ሙጭጭ አልኩ፤ እኔ ሰውዬውን ልግፋ፣ ሰውዬው እኔን ይጎትተኝ አላውቅም። አድርሼው ስመለስ ግድግዳው ላይ ያለችው የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ጋ ሄድኩ። አንድ ጉንጭ ብቻ ብዬ ነበር፤ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ግን ልቤ እስኪረጋ ጠጣሁ።

በማግስቱም ጠጣሁ። ክኒን አለብኝ ብዬ ነበር። በስድስተኛው ቀን ሳይዞረኝም ጠጣሁ። ማታ ማታ ግን ቤት ስገባ ከንፈሬን እየላስኩ "ኡፍ፣ እንዴት ጠማኝ!" እላለሁ። ዋን፣ ቱ፣ ስሪ። ውሸታም ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

በዚህ መሃል ትምህርት ተከፍቶ የእሷ ልምምድ ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ። የዴንቨር ሙቀት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አየሩ ከመድረቁ የተነሣ ላብሽ ሳይንጠባጠብ ተንኖ ይሄዳል፤ ያላበሽም አይመስልሽ። የሚቀረው ጨውሽ ብቻ ነው፤ እኔ ሳሙና ያልኩት።

አንድ ምሽት አብረን ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስንወጣ ደረጃው መሃል ቀጥ አለች። መደገፊያውን ይዛ ጥርሷን ነከሰች። ባቷን ስነካው ድንጋይ ሆኗል። አገር ቤት እኛ ሰፈር ኳስ ተጫዋቾቹ ስትራፖ የሚሉት ነው። "ክራምፕ ነው ማሚ፣ ኢትስ ኖርማል" አለችኝ። አሸሁት፣ ለቀቃት። እኔም እናትነቴን ላሳይ ብዬ ያን ማታ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ አስጠጣኋት። ግማሹን አስመለሳት። ቀሪውን ያለ ጨው ሽሮ አስከተልኩበት።

ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተለጠፈ ወረቀት ነበር። ልምምዱ ሲጀመር ከቡድኑ የመጣ ነው፤ እኔም ቀስቱ ያመለከተኝ ቦታ ላይ ፈርሜ አንዱን ቅጂ መልሻለሁ። ሳላነብ። የሚለው ደግሞ ከባድ እንግሊዝኛ አልነበረም። ሳይጠማችሁ ከጠዋት ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ ጠጡ፤ የቀኑን ውሃ በአንዴ መጋት አይተካውም፤ ብዙ የሚያልበው ሰው ጨውም ያስፈልገዋል፤ ሽንታችሁ ከጠቆረ አትሩጡ። አትክልት ላወጣ ፍሪጁ ፊት በቆምኩ ቁጥር ዓይኔ ያርፍበት ነበር፣ አንድም ቀን አላነበብኩትም።

ከደረጃው በኋላ ግን ጥማቱ እየጎዳት መሆኑን አውቄያለሁ። አላወቅኩም ብል ሌላ ውሸት ነው። በየጠዋቱ መኪና ውስጥ "ልጄ፣ አንቺስ ጠጪ" የሚለው አፌ ላይ ይመጣል፣ ይመለሳል። ጠጪ ካልኳት አንቺስ ትለኛለች። እኔ ጠጥቻለሁ ካልኩ ብርጭቆዎቹ አበቃላቸው፤ ሳህኗን ይዛ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። ዝም ካልኩ ባቷ ድንጋይ ይሆናል። ወዲህም ብል ገደል፣ ወዲያም ብል ገደል። የነፍስ አባቴ ጋ ብደውል ለሁለታችንም እንደሚፈቅዱልን አውቅ ነበር። ያልደወልኩላቸውም ለዚሁ ነው።

በአሥረኛው ቀን፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እህታቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ይዤ በአውሮፕላን ማረፊያው ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ወደ መሳፈሪያ በራቸው እየወሰድኳቸው ነበር። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ሰው እየገፋን ስልክ ማንሳት ክልክል ነው፣ መንገደኛ መሃል መንገድ ላይ ጥሎ መሄድም እንዲሁ። ሰረቅ አድርጌ ሳየው ትምህርት ቤቱ ነው። ወዲያው ጠፋ። እንደገና ነዘረ። የባቡሩ በር ተዘግቷል፣ ውጭው ጨለማ ዋሻ ነው፣ ዊልቸሩን ሁለት እጄ ይዞታል። ያቺ አጭር መንገድ ያን ቀን አላልቅ አለች።

አሮጊቷ ዞር ብለው አዩኝና "ልጅ ካለሽ አንሺው" አሉኝ።

ወደ ላይ እንደወጣን ሴትዮዋን ግድግዳ ጥግ አቆምኳቸው፣ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ደወልኩ። አሠልጣኟ አነሳች። ልጄ ሜዳ ላይ ወድቃለች። ሁለቱንም ባቶቿን ስትራፖ ይዟታል፣ ጥላ ውስጥ አስተኝተው ጣቶቿን ወደ ቅልጥሟ እየሳቡላት ነው፣ ትንቀጠቀጣለች። አእምሮዋ ደህና ነው፤ ነገር ግን ጠርሙሱን ወደ አፏ ሲያስጠጉላት ፊቷን ታዞራለች። "እናቴ ሳትጠጣ አልጠጣም ትላለች። እባክሽ አንቺ ንገሪያት፤ አሁን ካልጠጣች አምቡላንስ ልጠራ ነው" አለችኝና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት።

"የኔ እናት፣ ጠጪ!"

"ኖ ማሚ። አንቺ አልጠጣሽም።"

"ጠጪ ብዬሻለሁ!"

"ቱጌዘር ብለናል እኮ።" ትንፋሿ ይቆራረጣል። "አይዞሽ ማሚ፣ ሁለት ሰዓት ነው የቀረን።"

አይዞሽ አለችኝ። መሬት ላይ ተኝታ፣ እኔን አይዞሽ አለችኝ።

ያቺ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ከፊት ለፊቴ ነበረች። መውጫ እንደነበረኝ ልናገር፤ ቧንቧውን ከፍቼ ስልኩን ማስጠጋት፣ "ይኸው፣ አሁን ጠጣሁ፣ ስሚ" ማለት። ልጄም ትጠጣለች፣ ውሸቴም ይተርፋል፣ ብርጭቆዎቹም ይተርፋሉ። እግሬ ሁለት እርምጃ ሄዷል። እጄ መክፈቻው ላይ ደርሷል። ያ አይዞሽ ግን እጄን መለሰው።

"ጠጥቻለሁ" አልኳት።

"አሁን?"

"አሁን አይደለም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ። በየቀኑ።"

የሜዳው ነፋስ ይሰማኛል፣ ሩቅ የሚጮህ ፊሽካ ይሰማኛል። ከዚያ ጠርሙሱ ሲጨመቅ ሰማሁ፣ ስትውጥ ሰማሁ። አሠልጣኟ "ቀስ፣ በትንሽ በትንሹ" ትላታለች። ስልኩ ተዘጋ። አሮጊቷ ደህና ነሽ ወይ አሉኝ። "ኦኬ ነኝ" አልኩና ፍሬኑን ለቅቄ እስከ በራቸው ገፋኋቸው፤ ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ።

አለቃዬን አስፈቅጄ ስወጣ አሠልጣኟ ደወለች። ሐኪም አያስፈልጋትም፣ ጨው ያለበት መጠጥ ሰጥታታለች፣ ቤት ታደርሳታለች። ስለ ካናቴራውም ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ጀርባው ላይ ያለውን ነጭ መስመር አላየሽውም ወይ አለችኝ። አይቼዋለሁ፣ አጥቤዋለሁም አልኳት።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብላለች፤ እግሮቿ ሌላ ወንበር ላይ ተዘርግተዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው፣ የእሷ። የእኔ ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው።

"አንቺ ጠጥተሽ እኔን ዝም አልሽኝ?" አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፣ አንድም እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል።

"አዎ።"

"ሁዋይ?"

"በሩን ፈርቼ።"

"የቱን በር?"

በእጄ የክፍሏን በር አሳየኋት። ሁለት ዓመት ስለተዘጋብኝ፣ እነዚህ ምሽቶች እንዳያመልጡኝ ብዬ ነው አልኳት። አለቀስኩ፤ ሳልደብቅ አለቀስኩ።

በሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ማሚ፣ በሩን የምዘጋው እኮ ስልክ ላይ ስለምትጮኺ ነው" አለችኝ። "ከሥራ ስትመጪ ጀምሮ እስክትተኚ። ሆምዎርክ መሥራት አልችልም። ቴክስት አድርጌልሽ ነበር።"

ቴክስት አድርጋልኝ ነበር። ወደ ኋላ ፈልጌ አገኘሁት፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተላከ ነው፣ በአውራ ጣት ምልክት መልሼበታለሁ። እንደ ወረቀቱ፣ እሱንም ሳላነብ።

እያነከሰች ተነሳችና ከአሠልጣኟ የተሰጣትን የጨው ከረጢት አመጣች። ሽሮው ላይ በተነች፤ በእሷ በኩል ብቻ፣ የእኔን ጎን በማንኪያ ለይታ። በላን። ብዙም አላወራንም። ነገ ክኒንሽን የምትወስጂው ስንት ሰዓት ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ ስድስት ሰዓት አልኳት፣ ስልኳ ላይ ደወል ሞላች። እኔም ውሃ የምጠጣው በስድስት ሰዓት ነው አለች። ከዚያ ሳህኗን አንስታ ክፍሏ ገባች።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንዷ ናት፤ ያቺ የታደለች ልጅሽ እንዴት ናት ልትለኝ ነው። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የሆነውን ሁሉ ከነውሸቴ ነገርኳት። ስመለስ የክፍሏ በር አልተዘጋም ነበር።