ባሂራ ያጠበበችው ጃኬት

የዚያን ዕለት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከዘቢዳር ተራራ በኩል ጉም እንኳ አይታይም። የካቲት ስለነበር ዝናብ ያሰበ ሰው የለም፤ እኔም ሸራ ሳላዘጋጅ የምሸጣቸውን አሮጌ መጋረጃዎች መሬት ላይ ዘርግቼ ነበር። ወደ ቀትር ነፋስ ተነሳና የመንገዱን አቧራ አምጥቶ እላያችን ላይ ደፋው። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ቡታጅራ ሰልባጅ ተራ ያለ ሰው ሁሉ ያለውን እያፈሰ ወደ በረንዳ ሮጠ። ባሂራ አልሮጠችም፤ እሷ ድሮም በረንዳ ላይ ናት። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ እግሯን ሰብሰብ አደረገችና፣ “ነይ ግቢ፣ እዚህ ጣይው” ብላ መጋረጃዎቼን ከነጭቃቸው ጭኗ ላይ ተቀበለችኝ።

በረንዳው ግን የሷ አልነበረም፤ የባለሱቁ የከድሮ ነው። ከድሮ ልባሽ ልብስ በቦንዳ እያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ቦንዳ ተጨፍልቆ የታሰረ ትልቅ የልብስ እስር ነው፤ እስኪፈታ ድረስ ውስጡ ምን እንዳለ ባለቤቱም አያውቅም። ባሂራን እዚያ ያስቀመጣት ለጽድቅ አልነበረም። ከሱ የገዛ ሰው እዚያው በሩ ላይ ልብሱን ልክ አስደርጎ ለብሶት ይሄዳል። “ይሰፋኛል” ብሎ ሊመልስ የነበረ ሰው፣ “ባሂራ ታጠበዋለች” ሲባል ይገዛል። እሷ እዚያ በመቀመጧ የሱ ገበያ ይደራል፤ እሷም ኪራይ አትከፍልም። ውላቸው ይኸው ነበር፤ በአፍ እንኳ የተነጋገሩት አይመስለኝም።

ባሂራ የመስቃን ገጠር ልጅ ናት። ወደ ከተማ ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ ሳላሀዲን ሱሪ ሰፊ ነበር። ቁልፍ እየተከለችለት፣ ክር እየበጠሰችለት፣ ሲወጣ ሲገባ መኪናው ላይ እየተቀመጠች ሥራውን ለመደች። በኋላ ሰልባጁ ሲበዛ ጨርቅ ገዝቶ፣ ተለክቶ የሚያሰፋ ሰው ቀነሰ። ሳላሀዲን በዚህ ነገር በጣም ይናደድ ስለነበር ሰልባጅ ለብሶ ሰላም ላለው ሰው ሰላምታውን በግማሽ ነው የሚመልሰው ይሉ ነበር። እሱ ሲሞት ባሂራ መኪናዋን በጋሪ አስጭና እዚሁ ሰልባጅ ተራ መጣች። የባሏ ዘመዶች አሟት። “ሙት የጠላውን ትጎራበታለች” አሏት። ምን ታድርግ? ቤት ውስጥ ሦስት ሴት ልጆች ነበሩ።

እሷ ግን ሰው ያላየውን አይታለች። የሰልባጅ ልብስ ርካሽ ነው፤ ጨርቁም አይሞትም። ችግሩ ለሌላ አገር ሰው ትከሻ የተሰፋ መሆኑ ነው። የኛ ሴት ስትለብሰው እጅጌው ጣቷን ይውጣል፣ ወገቡ ዳሌዋ ላይ ይወርዳል። ባሂራ ይህን ታስተካክላለች። ሜትር አንገቷ ላይ ይንጠልጠል እንጂ ስትለካበት ብዙም አላየሁም። “ዙሪ” ትላለች፤ ሴትየዋ ትዞራለች፤ በቃ።

“እትዬ ባሂራ፣ ይሄ ቀሚስ እኮ ሁለታችንን ይይዘናል!”

“ታዲያ ነይ አብረን እንልበሰው። የሳሙና እንቆጥባለን።”

እንዲህ እየተሳሳቁ ነበር የሚውሉት። ሠርግ ላይ ስንገናኝ በክርኗ ትጎስመኛለች። “ያቺን አረንጓዴ የለበሰችውን እያት። ጎኗን እያት። የኔ ናት” ትለኛለች። የከተማዋ ሴት ግማሹ የሷ ነበረች ማለት ይቻላል።

ሁለት ልማድ ነበራት። አንደኛው ምርቃት ነው። ሽንኩርት ሻጭ መዝና ከሰጠች በኋላ አንድ ራስ ጣል እንደምታደርገው፣ ባሂራም ያልተጠየቀችውን ትጨምራለች። ቁልፍ ሊያስተክል ለመጣ ሰው የተተረተረ ኪሱን ትሰፋለታለች። ዚፕ ላስቀየረች ሴት ወገቧን ታጠብላታለች። “ምርቃት ነው” ትላለች፤ ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ይመለሳልም። ሁለተኛው ልማዷ፣ ስታጠብ የተረፈውን ጨርቅ ውስጥ አለመተው ነው። ስፌቱ ከውስጥ አብጦ እንዳያስቀይም ትርፉን ቆርጣ ታወጣዋለች። ቁርጥራጩን ጆንያ ውስጥ ታጠራቅምና፣ ከኔ አሮጌ የትራስ ልብስ የገዙ ሰዎች ሲመጡ በሱ ትሞላላቸዋለች።

ከዚያ የከተማው ወጣቶች ሰፊ ልብስ መልበስ ጀመሩ። መጀመሪያ ወንዶቹ ናቸው፤ ቀጥሎ ሴቶቹ። የአባታቸውን የሚመስል ኮት፣ መሬት የሚጠርግ ሱሪ። ‘ቪንቴጅ’ የሚል ስም መጣ። ከድሮ ስሙን የሰማ ቀን፣ “አሮጌ ማለት ነው አሉ። እኔ ስንት ዓመት አሮጌ ስሸጥ ቪንቴጅ መሆኑን ማንም አልነገረኝም” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን መሳቁን ተወ። ድሮ የቦንዳው መጨረሻ ላይ ክምር ውስጥ ይጥል የነበረውን ወፍራም ኮት በመስቀያ እየሰቀለ ሌላ ዋጋ ይጠራበት ጀመር። ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ የሚሸጡ ልጆች እየመጡ ይወስዱለታል። ለልጆቻቸው ኮት ፍለጋ ከደጋው ከአረቅጥ ብርድ የሚወርዱ እናቶች ዋጋ ጠይቀው፣ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ሳይገዙ ይሄዳሉ። ከኔ ዘንድ እንኳ ጠርዙ የተላጠ የብረት ኩባያ በፎቶ እየተሸጠ ነው።

የባሂራ መኪና ዝም አለ። ማንም ልብሱን ማጥበብ አልፈለገም። ከድሮ ሲወጣ ሲገባ ያያታል።

“ባሂራ፣ መኪናሽ ላይ ሸረሪት ሊያደራ ነው።”

“ያድራ፤ እሱም ልብስ ሰፊ ነው።”

“እኔ ኪራይ አልጠየቅኩሽም። ግን ቦታው ሥራ ይፈልጋል።”

ከድሮ ከገባ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ከዚህ በረንዳ ከወረድኩ መኪናው አለቀለት” አለችኝ። “ፀሐይ ላይ አይሰፋ፣ አቧራ ላይ አይሰፋ። ሱቅ ልከራይ አልችል። ይህን ቦታ ብቻ አላህ ያቆይልኝ።” ዝናቡ በወረደበት ቀን በሐሳቧ የነበረው ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ዝናቡ ሲጀምር በረንዳው ላይ ከተጠለሉት አንዷ ሔራን ናት። ከወልቂጤ በሚኒባስ እየመጣች ልብስ የምትመርጥ፣ ቴሌግራም ላይ የምትሸጥ ቀጭን ልጅ ናት። ከድሮ አዲስ ቦንዳ ሲፈታ ይደውልላታል። በእጇ ቡናማ የሱፍ ጃኬት ይዛለች፤ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ያለበት፣ የድሮ የቢሮ ሰው የሚለብሰው ዓይነት። ለበሰችውና በስልኳ ራሷን አነሳች። ጃኬቱ ዋጣት።

“ወይኔ፣ ፏ ብሏል! እትዬ፣ ብብቱ ስር ገበሩ ተቀዷል፤ እሱን ትሰፊልኛለሽ?”

“አቤት፣ ስጪኝ የኔ ልጅ። ዙሪ እስኪ።”

ልጅቷ ሳቀችና ዞረች። ከዚያ አውልቃ ሰጠቻትና ከድሮ ቦንዳ ወደሚፈታበት ወደ ውስጥ ገባች።

ባሂራ ገበሩን ሰፋች። ደቂቃም አልፈጀባት። ጃኬቱን ግን አላስቀመጠችውም። አገላበጠችው፣ ትከሻውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው፣ ከዚያ መተርተር ጀመረች።

“ምን እያደረግሽ ነው?” አልኳት።

“ምርቃት ነው። ሲያሳዝን! ድንኳን ውስጥ የገባች እኮ ነው የምትመስለው።”

“ገበር ብቻ አይደል እንዴ ያለችሽ?”

“ገበርማ ማንም ይሰፋል። ይህቺ ልጅ ደስ ካላት ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች። ከድሮም ያያል።”

ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ እሷ መኪናዋን ስታስኬድ ብዙ ጊዜ ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ። ፊቷ ላይ እንኳ ደም ተመልሶ ነበር። ስፖንጁን አወጣች፣ ትከሻውን ቀነሰች፣ ጎኑን አስገባች፣ ትርፉን ከሁለቱም ወገን በመቀስ ቆርጣ ወደ ጆንያው ጣለች። ሥራው ደግሞ ያምር ነበር። ከሱቅ የወጣ ይመስላል።

ሔራን ስትወጣ ባሂራ በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችላት። ልጅቷ ጃኬቱን አየች፤ ባሂራን አየች።

“ትከሻው የታለ?”

“አወጣሁልሽ። ጎኑንም አስገባሁት። ምርቃት ነው፣ ገንዘብ አልጠይቅሽም። ልበሺው እስኪ፣ ልክሽ ሆኗል።”

“ማን አድርጊው አለሽ? ልኬ እንዲሆን አልፈለግኩም እኮ! ልኬን ከፈለግኩ አዲስ አልገዛም? ቪንቴጅ ነው እትዬ! አሁን ፎቶውን ልኬ፣ አሁን ተሸጠ!”

“ማነው የሚገዛው? እሱ ድንኳን...”

“ድንኳኑን ነው የገዙት!”

ከድሮ በጩኸቱ ወጣ። ሰው ሁሉ በዝናብ ተጠልሎ ስለነበር የሚያይ አልጠፋም። ከጥግ አንዱ፣ “ቪንቴጁን ገደለችው!” ሲል ሌሎቹ ሳቁ። ባሂራ፣ “እመልሰዋለሁ፣ ወላሂ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ” እያለች ስፌቱን መፍታት ጀመረች። ተፈታ፤ የሚዘረጋ ነገር ግን ውስጡ አልነበረም። ያኔ ጆንያውን በረንዳው ላይ ዘረገፈችው። ከስንት ሴት ቀሚስና ኮት የተቆረጠ ቁርጥራጭ መሬቱን ሞላው። ተንበርክካ ቡናማውን ትፈልግ ጀመር። አንዱን አገኘች። ሌላው ተቆራርጦ ነበር። “ይኸው፣ አለ፣ ይኸው” እያለች ጃኬቱ ጎን ላይ ደረደረቻቸው። ጣት የምታክል ጨርቅ ምን ትሆናለች?

“ተይው በቃ እትዬ” አለች ሔራን። ቁጣዋ አልፎ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። “ተይው፣ ግድ የለም።” ክፉ ልጅ አይደለችም። ከድሮ በጃኬቱ ፋንታ ሰቅሎት ከነበረው አንድ ኮት አውርዶ ሰጣት። ስትሄድ ጠጋ ብላ፣ “ጋሼ ከድሮ፣ ከእንግዲህ የኔን ዕቃ ለሷ እንዳይሰጡብኝ” አለችው። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ግን በረንዳው ጠባብ ነው።

ጥቂት ቀናት አልፈው፣ አስረስ የሚባል ከጎጃም መጥቶ እዚህ የኖረ መምህር ተዛውሮ ሲሄድ የቤት ዕቃውን ሸጠ። እኔ መጋረጃዎቹን ገዛሁ፤ ከድሮ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወቱን ገዛ። በጋሪ አስመጥቶ በረንዳው ፊት ቆመ።

“ባሂራ፣ ልጆቹ ለብሰው የሚያዩበት ይፈልጋሉ። መስታወት ደግሞ ብርሃን ያለበት ቦታ ነው የሚቆመው።”

“እኔስ? ክር በጨለማ ነው የማስገባው?”

“ለጊዜው ነው እህቴ።”

“ከድሮ፣ ያንን ጃኬት ልክፈልህ። ቀስ እያልኩ ልክፈልህ።”

“የጃኬት ነገር አይደለም” አለና ወደ መስታወቱ ዞረ። እውነቱን ነበር፤ የጃኬት ነገር አልነበረም። ጃኬቱ ባይኖርም መስታወቱ ይመጣ ነበር። ጃኬቱንም ለሷው ሰጣት። በሔራን ልክ የተሰፋ ነገር ለባሂራ እጅ እንኳ አያስገባም።

መኪናዋን ወደኔ ሸራ አመጣናት። አቧራው መርፌው ውስጥ እየገባ ክር ይበጥሳል፤ መኪናው ጠዋት ዘይት ጠጥቶ ቀትር ላይ ይንጫጫል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ መጥታ፣ “እትዬ፣ ይህን ሱሪ ማስፋት ይቻላል?” አለቻት። ባሂራ ተነስታ ቆመች። የዚያን ቀን ደስታዋን አይቼ እኔም ትንሽ ተስፋ አደረግኩ። ከጆንያው ተቀራራቢ ቀለም ፈልጋ በሁለቱም ጎን ቀጠለችበት፣ ደከመችበት። ልጅቷ ሱሪውን አገላብጣ፣ “ይታወቃል እኮ” አለችና ከፈለች፤ ስትሄድ ግን የከድሮ የልብስ ክምር ላይ ጥላው ሄደች። ባሂራ አይታለች። “ስቆርጥ ኖሬ አሁን የምቀጥለው ከየት ይመጣል” አለችኝና ተቀመጠች። ክረምቱ ሲገባ ሸራዬ ለሁለታችን አልበቃም። መኪናዋን ወደ ቤቴ ወሰድኩላት።

በከድሮ በረንዳ ላይ ልጆቹ መስታወቱ ፊት ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ከኋላቸው የኔ መጋረጃዎች አንዳንዴ ይታያሉ ይሉኛል።

መኪናው አሁንም እኔ ቤት ነው፤ ጃኬቱን አልብሼዋለሁ። ባሂራ ደግሞ አሁን ከተማው ዳር ባለ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ናት። የተሞላ ጆንያ አፍ በእጅ መርፌ ትሰፋለች፣ በርበሬው ያስላታል፣ ማታ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች።