ስልክ ያየው ሌባ

ሰው ቤት መግባት ታበዛለች እያሉ ያሙኛል። ያን ቀን ግን የገባሁት ተለምኜ ነው።

የጎረቤቴ የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ ጌትነት እዚሁ ወገዳ ከተማ ለእናቱ ፎቅ ሠርቷል። መብራቱ ሰው ሲገባ በራሱ ይበራል፣ የሚነቃነቅ ሰው ሲያጣ ይጠፋል። ኃይል እንዳይባክን፣ አየሩም እንዳይበከል ነው አሉ። ጌትነት ባሕር ዳር ተቀምጦ ሁሉን በስልኩ ያያል፣ ይቆጣጠራልም። እናቱ ግን «የሚሰልለኝ ቤት እግሬ አይረግጥም» ብለው ሽማግሌ ፊት ምለው፣ ጓሮ ካለችው አሮጌ ቆርቆሮ ቤታቸው ቀሩ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ደወለልኝ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ የላይኛው ክፍል መብራት በርቷል። እማዬ ስልክ አታነሳም። ሌባ እንዳይሆን፣ እባክዎ ይዩልኝ።»

ሰው ልጥራ ብዬ ነበር፤ ቀድሞኝ የሚያይ እንዳይኖር ብቻዬን ዘነዘናዬን ይዤ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ደረጃውን ስወጣ መብራቱ ከፊት ከፊቴ ይበራል፤ ስልኩን ከጆሮዬ አልለየሁም።

ክፍሉ በር ላይ ስደርስ «ይቁሙ» አለኝ። «የክፍሉ መብራት አሁን ጠፋ።»

«ወጣ ማለት ነው?»

«በየት በኩል? በሩ ላይ ያሉት እርስዎ። ሰምቶዎት፣ ሳይነቃነቅ ተቀምጧል ማለት ነው።»

ዘነዘናውን አንስቼ በሩን በክርኔ ገፋሁት። መብራቱ ቦግ አለ።

እትዬ ጥሩወርቅ የረጠበ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋው ላይ ኩርምት ብለዋል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ማነው?» አለ ጌትነት።

«ድመት ናት» አልኩት።

«የእማዬ ጣራ ያፈሳል አይደል?» አለኝ።

«ያፈሳል።»

«እንግዲያስ ድመቷን ብርድ እንዳይመታት» አለ፤ ጥግ ላይ የቆመው ማሞቂያ ማንም ሳይነካው ፍም መሰለ።