ተንበርክከው የሚያዩዋት ሽሪምፕ

አባቴ መስታወት ቆራጭ ነበር። መካኒሳ በነበረው ቤታችን፣ ከሥራ የተረፈ መስታወት በእስቱኮ አጣብቆ አኳሪየም ሠራ። ዓሣ ቢሆን እኮ ደግ ነበር! እሱ የሚያረባው ሽሪምፕ ነው፤ ከክብሪት እንጨት የማትረዝም፣ ሆድ ዕቃዋ በውጭ የሚታይ ፍጥረት። ሹፌሩ አጎቴ ነው ከደቡብ ወንዝ በጄሪካን ያመጣለት።

«አይታለብ፣ አይታረድ፤ ምኑን ከብት ሆነ!» ትለዋለች እናቴ።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል።

የመጀመሪያዎቹ በቧንቧ ውሃ አለቁ። ሌላ ሰው ቢሆን እርግፍ አድርጎ ይተወው ነበር። የኔ አባት ክሎሪኑ እስኪወጣ ውሃውን በርሜል ውስጥ አሳደረ፣ ጎመን ቀቅሎ አበላቸው፣ የወንዝ ሣር ተከለላቸው። በመጨረሻ አንዷ ዕንቁላሎቿን ከሆዷ ሥር ታቅፋ ታየች። በእግሮቿ ስታራግባቸው ውላ ታድራለች። ወይ እናትነት! አኳሪየሙ ዝቅ ያለ ሣጥን ላይ ስለነበር፣ ሆዷን ለማየት መንበርከክ ግድ ነው።

በዚያ በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ፣ እኛ ጴንጤዎቹ በየቤቱ ተደብቀን ነበር የምንጸልየው። እሁድ ከሰዓት ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየገቡ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። አባቴ ለዚሁ አንዴ ታስሮ ተፈትቷል። ሁለተኛ ከተያዘ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ እሁድ ተንበርክከን በሹክሹክታ ስንጸልይ በሩ ተበረገደ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃ ያነገተ ጎረምሳ።

«ምንድን ነው ይሄ? ምን እያደረጋችሁ ነው?»

አባቴ ግን በጉልበቱ እንዳለ ወደ አኳሪየሙ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በል፣ ጓድ! ልትፈለፍል ነው፤ ትደነግጥብናለች።»

ሁላችንም ወደ መስታወቱ ዞርን። አቤት ድፍረት! የሱ ልጅ በመሆኔ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

«የታለች?»

«ቆመህ አትታይህም፤ ዝቅ በል።»

ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ አጠገባችን ተንበረከከ። መቼ እንደምትፈለፍል እንኳን እኛ አባቴም አያውቅም፤ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። ምንም ካልታየ አለቀልን። ጎረምሳው መሰልቸት ጀመረ። ዓይኑ መጽሐፍ ቅዱሳችን ወደተሸጎጠበት ወደ ሶፋው ሥር ዞር ዞር ይላል።

ድንገት ሽሪምፗ ሰውነቷን አራገፈች። ከሆዷ ሥር ክር የመሰለች ነገር ተፈናጥራ ሣሩ ላይ አረፈች። ሌላም ተከተለቻት። ዓይን ያላት፣ እግር ያላት፣ ቁርጥ እናቷን!

«በስመ አብ!» አለ አብዮት ጠባቂው አፉን ይዞ። «የእግዚአብሔር ሥራ እኮ ድንቅ ነው!»

እናቴ ለአፍታ እንኳ አላመነታችም። ስንት ጊዜ በሹክሹክታ ታፍኖ የኖረ ድምጿን ለቀቀችው፤

«አሜን!»

«አሜን!» አልን ሁላችንም። እሱም አብሮን አለ።