የአናጢው ሚስት ትዳን ወይስ ትሙት

ተማሪዎቹ የሥነ ጽሑፍ መምህራቸውን ከኋላው «ጡዘት» ነው የሚሉት። ስለ ታሪክ ጡዘት፣ ነገሩ ሁሉ ተካርሮ ጫፍ ስለሚደርስበት ቦታ ሲያስተምር ጠመኔው እስኪሰበር ሰሌዳው ላይ ጋራ ይስላል፤ ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ ከዚያ ቁልቁል። ፀጉሩ እስኪሸብት የሳለው ያንኑ ጋራ ነው።

ሌላም ልማድ አለው። ግማሽ ታሪክ ፈጥሮ መጨረሻውን ለክፍሉ ይተዋል። ቤት ሲገባ ደግሞ የጨረሱትን ለሚስቱ ያወራላታል። እሷ እየሳቀች ትፈርዳለች፦ «ይሄኛው ልብ አለው፤ ያኛውን ግን እናቱ ትቻለው!»

አሁን አልጋ ላይ ከወደቀች ከራርማለች። ሰሞኑን ሐኪሙ ባልየውን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ የገዛ ጫማውን እያየ፣ «ቤቷ ትረፍ» አለው። ሌላ አልጨመረም።

ዛሬ ጠመኔውን ሲያነሳ ሌላ ታሪክ አልመጣለትም። «መቼት፦ ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ክረምት። ገጸ ባሕርያት፦ አናጢና ሚስቱ። ግጭት፦ ሰውና ሕመም» ብሎ ጻፈ። አናጢ ያለው እንዳያውቁበት ነው እንጂ፣ እሱ እንኳ በዕድሜው አንድ ሚስማር ቀጥ አድርጎ መትቶ አያውቅም። መድኃኒቱ እንቢ ማለቱን፣ ሐኪሙ ተስፋ መቁረጡን ተርኮ ጋራውን ጫፍ አድርሶ ዘወር አለ።

«በሉ፣ ጨርሱልኝ።»

የሞኝ ነገር፣ አንድ ልጅ «ዳነች» ቢለው ቀኑን ሙሉ ያችን ቃል ይዞ ሊውል ነው።

«ትድናለች፣ ቲቸር» አለች ከፊት የተቀመጠችው ጭምት ልጅ።

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ።

«ኧረ ባክሽ! ፊልም አደረግሽው እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

መከራከር የሚወደው፣ «ጠበቃው» የሚሉት ልጅ ተነሳ። «ቲቸር፣ መጨረሻው ከግጭቱ ይውጣ፣ ከሰማይ ዱብ አይበል ያሉን እርስዎ አይደሉ እንዴ? መድኃኒቱ እንቢ ብሏል፤ ሐኪሙ ተስፋ ቆርጧል። ትሙት። እንደውም ከሞተች ነው ታሪኩ የሚያምረው።»

«ትሙት! ትሙት!» ዴስኩ ተደበደበ።

ጭምቷ ልጅ አንገቷን ደፋች። «እንግዲያው ትሙት» አለች።

ሲያስተምራቸው የከረመውን ነው የመለሱለት። ተሳስታችኋል የሚልበት አንድም ምክንያት አጣ። «ትክክል» አለና ጋራውን ቁልቁል ጨረሰው። ጠመኔው ዛሬ አልተሰበረም።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ትራስ ተደግፋ ጠበቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ ምን አስጨረስካቸው?»

«የአንድ አናጢ ታሪክ።»

«ሚስት አለችው?»

«አለችው። ታማለች።»

አየችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። «አናጢ! ያንን አንተ የሰቀልከውን የተንጋደደ መደርደሪያ ያየ ሰው አያምንህም።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባት፤ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ቀድቶ ሰጣት። ከንፈሯን ብቻ አርሳ መለሰችለት።

«እሺ፣ እንዴት ጨረሱት?»

«አንዲት ልጅ ‹ትድናለች› አለች።»

ዋሸ አይባልም፤ ብላለች።

«ተመስገን። እሷስ ልብ አላት፤ ይባርካት» አለች ሚስቱ። ትራሷን አስተካክላ፣ «ሌሎቹስ?»

ብርጭቆውን እንደያዘ ተነሳ። «ውኃ ልጨምርልሽ።»

ብርጭቆውን አየችው። አልጎደለም።

«ጨምርልኝ» አለችው።